ከጥቁር ሰሌዳ ወደ መንደር ከንቲባነት፦ የቼኩ መምህር የፔትር ጋዝዲክ ጉዞ

የሞራቪያ ነዋሪ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቼክ ሪፐብሊክ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከስሎቫኪያ ድንበር ብዙም በማይርቅ አንድ የሞራቪያ መንደር ከቤተሰቤ ጋር መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ክር የከፈትኩት እዚህ አገር ደጋግሜ ስላየሁት አንድ ጉዳይ ለመወያየት ነው፤ እርሱም መምህራን ከመማሪያ ክፍል ወጥተው የመንደራቸው ወይም የከተማቸው ከንቲባ የሚሆኑበት መንገድ ነው። በጥቅሉ ከማወራ የአንድ ሰው ታሪክ ይዤ ብነሣ ይሻላል ብዬ ፔትር ጋዝዲክን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋዝዲክ በ1974 የተወለደ፣ በሙያው መምህር የሆነ ሰው ነው። በ2002 የሱኻ ሎዝ ከንቲባ ሆኖ እስከ 2010 አገልግሏል። ሱኻ ሎዝ በዝሊን ክልል፣ ነጭ ካርፓቲያ በሚባሉት ተራሮች ግርጌ፣ ከኡሄርስኪ ብሮድ ከተማ አጠገብ የምትገኝ አንድ ሺሕ ከመቶ ገደማ ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ናት። ጎረቤቷ ኒቭኒትሴ ትባላለች። በ1592 የተወለደው ታላቁ የትምህርት አባት ያን አሞስ ኮመንስኪ የእኛ ልጅ ነው ከሚሉት ቦታዎች አንዷ ይህችው ኒቭኒትሴ ናት። ቼኮች የመምህራንን ቀን የሚያከብሩት በእርሱ ልደት፣ በማርች 28 ነው። ሁለት መቶ ኮሩና የምትለውን የገንዘብ ኖት ብታዩ በአንድ ፊቷ የኮመንስኪ ምስል፣ በጀርባዋ ደግሞ የአዋቂ እጅና የሕፃን እጅ ተቀራርበው ይታያሉ። ዳቦ ስገዛ ይህች ኖት እጄ ላይ በገባች ቁጥር እመለከታታለሁ፤ መምህር በዚህ አገር ምን ያህል ክብር እንደተሰጠው ከእርሷ የበለጠ የነገረኝ የለም።

በ2009 ጋዝዲክ «ከንቲባዎችና ነጻ ግለሰቦች» የሚል ትርጉም ያለው፣ በአጭሩ ስታን የሚባለው ንቅናቄ ሊቀ መንበር ሆነ። በ2010 ንቅናቄው ቶፕ 09 ከተባለው ፓርቲ ጋር ተባብሮ ለምርጫ ሲቀርብ ጋዝዲክም የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኖ ወደ ፕራግ ሄደ። ከ2013 እስከ 2017 ከምክር ቤቱ ምክትል አፈ ጉባኤዎች አንዱ ነበረ። በዲሴምበር 2021 በጠቅላይ ሚኒስትር ፔትር ፊያላ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ተብሎ ተሾመ፤ በጁን 2022 ሥልጣኑን ለቀቀ። ወደዚህኛው ክፍል በኋላ እመለሳለሁ።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የመጀመሪያው እርከን ነው። የቼክ ሕግ ብዙ ሥልጣን ያስቀመጠው ሰው ከደጁ ወጥቶ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው መምህሩን ነው። አገሪቱ ከስድስት ሺሕ ሁለት መቶ የሚበልጡ ማዘጋጃ ቤቶች አሏት፤ ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አምስት መቶ ሰው እንኳ የማይሞላባቸው ናቸው። ኮሚኒስቶቹ ያለ ነዋሪው ፈቃድ አዋሕደዋቸው የነበሩ ብዙ መንደሮች ከ1989 በኋላ እየተለያዩ የየራሳቸውን ማዘጋጃ ቤት መልሰው አቋቁመዋል። እያንዳንዱ መንደር ከንቲባ ያስፈልገዋል፤ በሦስትና በአራት መቶ ሰው መካከል ስብሰባ መምራት፣ ደብዳቤ መጻፍና ሒሳብ ማንበብ የለመደ ሰው ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ያማትራል።

---

የቀድሞ መምህር

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ ኖሬ በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ጽሑፍዎን በልዩ ትኩረት አነበብኩት። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ መምህሩ ከንቲባ ሲሆን የማስተማር ሥራውን ያጣል ወይስ ሁለቱን አብሮ ይይዛል? ሁለተኛ፣ አራት ዓመት አልፎ ሕዝቡ ባይመርጠው ምን ይበላል? በእኔ ዘመን ከክፍል ወጥተው ወደ ጽሕፈት ቤት የሄዱ ባልደረቦቼ መመለስን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ስለነበር ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

---

የሞራቪያ ነዋሪ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የነገሩ ዋና ነጥብ ነውና በደንብ ልመልስ።

ሕዝቡ ከንቲባውን በቀጥታ አይመርጥም። በየአራት ዓመቱ ምክር ቤቱን ይመርጣል፤ የምክር ቤቱ አባላት ተሰብስበው ከመካከላቸው አንዱን ከንቲባ ያደርጋሉ። እንደ ሱኻ ሎዝ ባለች መንደር ምክር ቤቱ ከሰባት እስከ አሥራ አምስት ሰው ይኖረዋል። ከዚያም ምክር ቤቱ ራሱ ከንቲባው የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ይሁን ወይስ በትርፍ ጊዜው ያገልግል የሚለውን ይወስናል። የትርፍ ጊዜ ከንቲባ ከሆነ መምህሩ ጠዋት ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱን ይከፍታል፤ አበሉም አነስተኛ ነው። የሙሉ ጊዜ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ሊሰጠው ይገደዳል፤ የሥራ ዘመኑ ሲያበቃም የሠራተኛ ሕጉ ወደ ቀድሞ ሥራውና ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ «ምን ይበላል» ለሚለው ሕጉ መልስ አለው። መመለሱን እንደ ውርደት የሚያየው ሰው በእኔ አካባቢ አላጋጠመኝም።

ትንሽ ልጨምርልዎት። በመንደራችን ዛሬም በየምሰሶው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። መጀመሪያ የነፋስ መሣሪያ ሙዚቃ ይሰማል፣ ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ድምፅ ይመጣል፤ «ነገ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ውኃ ይቋረጣል»፣ «ሐሙስ ጠዋት ቄብ ዶሮ የሚሸጥ መኪና በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ይቆማል» ትላለች። በኮሚኒስቱ ዘመን በዚያው ማጉያ የፓርቲው መልእክት ይነገርበት እንደነበር ሽማግሌዎቹ ያስታውሳሉ። የቀድሞዋ ከንቲባችን የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ውኃ የሚቋረጥበትን ሰዓት የተሳሳተ ቀን አስነግራ መንደሩ ሁሉ ሳይቀዳ በቀረ ጊዜ በማግስቱ ራሷ ማጉያው ላይ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀች። ልጄን ያስተማረችው እርሷ ስለሆነች ድምፅዋን ስሰማ ሕፃን ሆኜ የተቆጣችኝ ያህል ተሰማኝ።

---

ርእሰ መምህርት

እኔ በሥራዬ የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ስለሆንኩ አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልኝ እሻለሁ። ከንቲባውና ትምህርት ቤቱ በሕግ ምን ያገናኛቸዋል? ትምህርት ቤቱ የትምህርት ሚኒስቴር ከሆነ ከንቲባው ከሌላ ነዋሪ በምን ይለያል?

---

የሞራቪያ ነዋሪ

እህቴ፣ እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። የመዋዕለ ሕፃናትና የመሠረታዊ ትምህርት ቤት መሥራች ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ርእሰ መምህሩን የሚሾመው መሥራቹ ነው፤ ሹመቱም ለስድስት ዓመት ነው። የመምህራን ደመወዝ ከመንግሥት በክልሉ በኩል ይመጣል፤ ጣሪያው፣ ማሞቂያው፣ መስኮቱና የምግብ ቤቱ ምድጃ ግን የመንደሩ ራስ ምታት ናቸው። እንግዲህ ትናንት በመምህራን ክፍል ተቀምጦ «ማዘጋጃ ቤቱ ማሞቂያውን አላደሰልንም» ይል የነበረው ሰው ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ይሆናል። የትናንት አለቃውን ሥራ የሚመዝነውም እርሱ ነው።

የጥቅም ግጭት ሊፈጠር እንደሚችል ይገባኛል። ሕጉ በሚወሰነው ጉዳይ ላይ የግል ጥቅም ያለው የምክር ቤት አባል ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከሰባት ቀን በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፤ የበጀቱ ረቂቅ ደግሞ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት። በመንደራችን አዳራሽ የመጀመሪያ ጊዜ የተገኘሁት የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ምድጃ ሲወሰን ነበር። አንድ አዛውንት ተነሥተው ከንቲባዋን በስሟ ጠሯትና «ልጅ ሆነሽ እኔ ቤት አፕል ትሰርቂ ነበር፤ አሁን የሦስት መቶ ሰው ገንዘብ ይዘሻል፤ ስለዚህ ሦስቱን የዋጋ ማቅረቢያ በየተራ አንብቢልን» አሏት። አነበበች። አንድም መስመር አልዘለለችም። ከምድጃው ዋጋ ይልቅ ያ አነባበብ ነው በልቤ የቀረው፤ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስሄደች፣ ተማሪ እንደሚከተላት ሆና ነበር ያነበበችው።

---

በጀት ተመልካች

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ከንቲባ መንደሩን ማስተዳደር ሲገባው የፖለቲካ ንቅናቄ ማቋቋም ምን አስፈለገው? ጋዝዲክ በመንደሩ ረክቶ ቢቀመጥ ምን ይጎድልበት ነበር?

---

ከፕራግ

ይህን እኔ ልመልስ፤ በፕራግ ስለምኖር ክርክሩን ከሌላው ወገን ሆኜ ሰምቼዋለሁና።

ጉዳዩ ገንዘብ ነበር። በቼክ አገር ማዘጋጃ ቤቶች በአብዛኛው የሚተዳደሩት መንግሥት በሚሰበስበው ግብር ላይ ባላቸው ድርሻ ነው። ድርሻው የሚከፋፈልበት ቀመር ለረዥም ጊዜ ለትላልቅ ከተሞች እጅግ ያደላ ነበር፤ ለፕራግ ነዋሪ በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ለትንሽ መንደር ነዋሪ ከሚደርሰው ከአራት እጥፍ በላይ ይሆን ነበር። የመንደር ከንቲባዎች ይህን ለማስተካከል በየክልሉ መሰባሰብ ጀመሩ፤ የዝሊን ክልል ከንቲባዎች ከቀዳሚዎቹ ነበሩ። ስታን የበቀለው ከዚህ አፈር ነው። የመንደር ከንቲባ በመንደሩ ውስጥ ሆኖ ይህን ቀመር ሊለውጠው አይችልም፤ ቀመሩ በሕግ የተጻፈ ስለሆነ ሕግ የሚወጣበት ቦታ መግባት ነበረበት።

አዲሱ ቀመር ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ልዩነቱ ጠበበ። መምህር ለሆነ ሰው የሚጥመው አንድ ነገርም ተጨመረበት፦ ከማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ውስጥ ሰባት በመቶው በመንደሩ ትምህርት ቤት በሚማሩ ልጆች ቁጥር ልክ እንዲከፋፈል ተደረገ። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት የሌላት መንደር ልጆቿን ወደ ጎረቤት መንደር ስትልክ በሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች መካከል ስለ ወጪው ስንት ንትርክ እንደነበረ የዘመኑ ሰዎች ያወራሉ። እኔ የፕራግ ሰው ሆኜ እንኳ ማሻሻያው ትክክል ነበር እላለሁ። ከተማችን ብዙ ሸክም እንዳለባት አልክድም፤ ነገር ግን የአንድ ሕፃን የክፍል ማሞቂያ በተወለደበት ቦታ መወሰን የለበትም።

---

በጀት ተመልካች

አመሰግናለሁ፤ አሁን ገባኝ። የክፍፍል ቀመር ሰውን ወደ ፓርላማ ሊገፋ እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር።

---

እውነቱ ይነገር

ውይይቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የክሩ ባለቤት «በኋላ እመለሳለሁ» ብለው የተዉት ነገር አለ። ጋዝዲክ በ2022 ከሥልጣን የወረደው በመልካም ስም አልነበረም። በዚያ ወር የቼክ ፖሊስ ከፕራግ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት ጋር በተያያዘ የሙስና ጥርጣሬ ከፍተኛ ዘመቻ አካሂዶ፣ ከተከሰሱት መካከል የስታን አባል የሆነው የፕራግ ምክትል ከንቲባ ይገኝበት ነበር። ጋዝዲክም ከተከሰሱት ከአንደኛው ነጋዴ ጋር ይገናኝ እንደነበረ አመነ፤ ስለዚህም ተሰናበተ። መምህርነትንና የመንደር ከንቲባነትን እንዲህ ከፍ አድርጎ ማሳየት ይህን ሳይመዝኑ ሊሆን አይገባም።

---

የሞራቪያ ነዋሪ

ትክክል ብለዋል፤ እኔም ልሸሽገው አልፈለግኩም። የሚታወቀውን በልኩ እናስቀምጥ፦ ጋዝዲክ በዚያ ጉዳይ አልተከሰሰም፤ ከሰውየው ጋር መገናኘቱን ግን በአደባባይ አምኗል፤ ለመንግሥቱም ሸክም ላለመሆን ሲል ሥልጣኑን ለቀቀ። ሚኒስትር ሆኖ የቆየው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው። በእነዚያ ወራት ጦርነት ሸሽተው ከዩክሬን የመጡ ብዙ ሺሕ ሕፃናት በቼክ ትምህርት ቤቶች ቦታ እንዲያገኙ የሚያስችል ልዩ ሕግ በጥድፊያ መውጣቱን አስታውሳለሁ፤ የልጄም ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አዳዲስ ልጆች ተቀብሏል። መምህሯ ስማቸውን በቼክም በዩክሬንም ፊደል ጽፋ ጠረጴዛቸው ላይ ለጥፋላቸው ነበር።

እኔ የማምነውን ልንገርዎት። መንደር ውስጥ ከንቲባው ከማን ጋር ቡና እንደጠጣ ሳይመሽ ይታወቃል። ለሱኻ ሎዝ ከንቲባ ጥሩ ጠባቂው ይህ ነበር፤ የራሱ ጥንቃቄ ቢዘነጋው የመንደሩ ዓይን ያስታውሰዋል። ፕራግ ውስጥ ያ ዓይን የለም። የፓርቲ መሪ በስልክም በምግብ ቤትም ብዙ ሰው ያገኛል፤ ማን ለምን እንደቀረበው የሚያይለት ጎረቤት የለውም። ይህን የምለው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ መምህር የነበረ ሰው ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት ብዬ አዝኛለሁ። በአካባቢያችን ብዙ ሰው ያዘነው እንዲህ ነው። «የእኛ ሰው ነው» ብለው ስለነበር ሕመሙ ከፕራግ ነዋሪ ሕመም ይበልጣል።

---

የቀድሞ መምህር

«የመንደሩ ዓይን ያስታውሰዋል» ያሉት ልቤን ነክቶታል። እኔም ባስተማርኩበት ትንሽ ከተማ ከወላጅ ስጦታ ተቀብሎ ያውቃል የተባለ መምህር ዳግመኛ ቀና ብሎ አይሄድም ነበር። ነገር ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ። የመንደር ዓይን የሚጠብቀውን ያህል ያጎብጣል። መምህሩ ከንቲባ ሆኖ የአንዱን ግንባታ ቢከለክል የዚያ ሰው ልጅ ደግሞ በክፍሉ ቢኖር ምን ይሆናል? ልጁን በእኩል ዓይን ማየት ይችላል? ወላጁስ በእኩል ዓይን አየው ብሎ ያምናል?

---

ርእሰ መምህርት

ጋሼ የጠየቁት የእኔም ጥያቄ ነው። በትርፍ ጊዜው ከንቲባ የሆነ መምህር ፈተና ሲያርም የምክር ቤት ተቃዋሚውን ልጅ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። እኔ ብሆን ኖሮ የዚያን ልጅ ወረቀት ለባልደረባዬ ሰጥቼ አሳርም ነበር።

---

የሞራቪያ ነዋሪ

አንድ የማውቃቸው የጎረቤት መንደር ከንቲባ ልክ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ለስምንት ዓመት የትርፍ ጊዜ ከንቲባና የሒሳብ መምህር ነበሩ። በምክር ቤቱ ውስጥ በብርቱ የሚቃወማቸው ሰው ልጅ በክፍላቸው ስትማር የመጨረሻ ውጤቷን ብቻቸውን ወስነው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ሌላ መምህር አብሯቸው ይፈርም ነበር። ይህን ያስገደዳቸው ሕግ አልነበረም። አባትየው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በስብሰባ ላይ ተቃውመዋቸዋል፤ የልጃቸውን ውጤት ግን አንድ ቀንም አላነሡም።

---

ከፕራግ

ጋዝዲክ ብቻውን እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል፦ ከእርሱ በኋላ በ2019 የስታን ሊቀ መንበር የሆነው ቪት ራኩሻንም ወደ ፖለቲካ ከመግባቱ በፊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። በ2010 የኮሊን ከንቲባ ሆነ፣ በ2017 ፓርላማ ገባ፣ በ2021 ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ተሾመ። ኮሊን ሠላሳ ሺሕ ገደማ ሰው የሚኖርባት የኢንዱስትሪ ከተማ ስለሆነች የሱኻ ሎዝ ዓይነት አይደለችም፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

---

በጀት ተመልካች

የመጨረሻ ጥያቄ ላንሣ። በመንደር ምርጫ ሕዝቡ ፓርቲ ነው የሚመርጠው ወይስ ሰው? መምህሩ ፓርቲ ከሌለው እንዴት ይመረጣል?

---

የሞራቪያ ነዋሪ

የምርጫ ወረቀቱን ላስረዳዎ። የሁሉም ዝርዝሮች ስሞች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይታተማሉ። መራጩ አንዱን ዝርዝር በሙሉ ሊመርጥ ይችላል፤ ወይም ከዚህም ከዚያም ዝርዝር የሚፈልጋቸውን ሰዎች እየለየ፣ የምክር ቤቱ ወንበር ቁጥር እስኪሞላ ድረስ በየስማቸው አጠገብ ምልክት ማድረግ ይችላል። በመንደሮች ብዙ ሰው የሚመርጠው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ዝርዝሮቹም አብዛኛውን ጊዜ የአገር አቀፍ ፓርቲ ስም የላቸውም፤ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች፣ የእግር ኳስ ክለቡ ሰዎች ወይም «ለመንደራችን» የሚል ስም ያላቸው ስብስቦች ናቸው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ዕድሜና ሙያ ይጻፋል። «መምህርት፣ 44» የሚለውን አይቶ ምልክት የሚያደርግ ሰው ልጆቹን ያስተማረችለትን ሴት እያሰበ ነው።

ቀጣዩ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ በ2026 መጸው ነው። የእኛዋ የቀድሞ ከንቲባ ተመልሳ ትወዳደር እንደሆነ ጠይቄያት ነበር፤ አሁን ወደ ሁለተኛ ክፍሏ ተመልሳለች። «እነዚህን ልጆች ማንበብ ሳላስተምር አልወጣም» አለችኝ፤ ከዚያም የአሥራ ሰባት ልጆችን ደብተር በቅርጫት ይዛ ወደ ቤቷ አመራች።